የካቲት 12 እና የሰፈራችን ሱቆች

የካቲት ለነጋዴ ሁለት መልክ ያለው ወር ነው። በ23 የአድዋ ድል በዓል አለ፤ ጥለት ያለው የአገር ልብስ፣ የምኒልክና የጣይቱ ምስል ያለበት ካናቴራ፣ ባንዲራ በየመንገዱ ይሸጣል። የድል ቀን ነውና ገበያው ቢደራ ማንንም አይከፋውም። ከዚያ 11 ቀን ቀድሞ የሚመጣው የካቲት 12 ግን በጣሊያን ወረራ ዘመን የተገደሉት ሰማዕታት የሚታሰቡበት የሐዘን ቀን ነው። ሁለቱን ጠቅልሎ «የየካቲት ልዩ ቅናሽ» የሚል ባነር የሚሰቅል ሱቅ፣ ክፉ አስቦ ባይሆንም፣ የሰማዕታቱን ስም የዕቃ ማሻሻጫ ያደርገዋል።

ታዲያ ትንንሽ ንግድ ቤቶች ቀኑን እንዴት ያክብሩት? እኔ የምለው አንድ ነገር ይተዉለት ነው፤ ድምፅ፣ ማስታወቂያ፣ ጥቂት ሰዓት፣ ጥቂት ትርፍ።

ከሚተዉት መካከል ትርፍን የጨመርኩት ታሪኩ ራሱ ስለሚያስገድደኝ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ዓርብ ነበር። በኢትዮጵያ የፋሺስት ጣሊያን እንደራሴ የነበረው ግራዚያኒ የኔፕልስን ልዑል መወለድ ምክንያት አድርጎ ምጽዋት ሊያድል ድሆችን ወደ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ፣ ጠራ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት፤ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ወታደሮቹ ምጽዋት ሊቀበል በመጣው ሕዝብ ላይ ተኮሱ። ቀጥሎ የፋሺስቱ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾች ከተማው ላይ ተለቀቁ። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው በየደጃፉ ተገደለ፤ ጎጆው በቤንዚን እየተርከፈከፈ ከነነዋሪው ነደደ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሎ አስታውቋል፤ የታሪክ ጸሐፊው ኢያን ካምቤል ደግሞ ወደ 19,000 ይገምተዋል። ቤት ሲቃጠል ንብረትም ይዘረፍ ነበር። ያን ጊዜ በሰው ሞት ያተረፉ ዘራፊዎች ብቻ ናቸው። ይህን የሚያውቅ ባለሱቅ በቀኑ ስም ገበያ ለመጥራት እጁ አይነሣለትም።

ሙሉ ቀን ይዘጋ የሚሉ አሉ። አልስማማም። የካቲት 12 መሥሪያ ቤት የሚዘጋበት በዓል አይደለም፤ ሻይ አፍልታ በምታገኘው የቀን ገቢ ልጆቿን የምታሳድገውን እናት፣ ኪራይ የሚቆጥርበትን ሊስትሮና ጸጉር አስተካካይ ዝጉ ማለት በሰው ኪስ ሐዘን መቀመጥ ነው። ደግሞም ነጋዴዎቻችን ሐዘን ማክበርን የሚያስተምራቸው አያሻም። የእድር ድንኳን በተተከለበት መንገድ ያለ ሲዲ ቤት ወይም ሞባይል መሸጫ፣ ማንም ሳያዘው፣ ደጃፉ ላይ ያቆመውን ሞንታርቦ ያጠፋል። ሥጋ ቤቱ ጨዋታውን ዝቅ ያደርጋል። አስከሬን ሲያልፍ ደንበኛም ሻጭም ከተቀመጠበት ተነሥቶ ያሳልፋል። ሟቹን ባያውቁትም ያደርጉታል። ለአንድ ጎረቤት የምናደርገውን ለእነዚያ ሁሉ ሙታን በዓመት አንድ ቀን ማድረግ ምን ይከብዳል? ከጠዋት እስከ ማታ ሞንታርቦው ይጥፋ፤ የመታሰቢያው ሥነ ሥርዓት በሚካሄድበት ሰዓት መሸጥ ለጥቂት ደቂቃ ይቁም። በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን በየዓመቱ ያዩታል፤ በወደቁት ወታደሮች መታሰቢያ ቀን ሳይረኑ ለሁለት ደቂቃ ሲጮኽ መኪናው ባለበት ይቆማል፣ ገበያተኛው ባለበት ይቆማል። እኛ ዘንድ ሳይረን የለም፤ ባለሱቁ ራሱ ይወስን።

ሠራተኛውስ? ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። ባለቤቱ ስድስት ኪሎ የሰማዕታት ሐውልት ጋ ሄዶ አበባ ያስቀምጣል፣ አስተናጋጇ ግን ትሪ ይዛ ትውላለች። መሄድ የፈለገች ቀድማ ትናገር፣ ትሂድ፣ ከደመወዟም አይቆረጥ። አያቱ በዚያ ሦስት ቀን የተገደሉበት ሠራተኛ ካለ ደግሞ ፈቃድ እስኪለምን መጠበቅ አይገባም።

በፌስቡክና በቴሌግራም የሚለጠፈው ነገር ብዙ ያከራክራል። «ስለ ቀኑ ብንጽፍ ወጣቱ ታሪኩን ያውቃል» የሚል ባለ ካፌ ክርክሩ ውሃ ያነሣል፤ የካቲት 12ን በሆስፒታሉና በአደባባዩ ስም ብቻ የሚያውቅ ልጅ ሞልቷልና። ይጻፍ፤ ነገር ግን የኬኩ ፎቶ፣ ዋጋውና የስልክ ቁጥሩ ከሥር አይከተሉ። ሎጎውም ባይኖር እመርጣለሁ። «ከዛሬው ሽያጭ ይህን ያህሉ ለአርበኞች» የሚለውም ልቤን አይሞላውም፤ መስጠት የፈለገ ሳያስነግር ይስጥ፣ ደንበኛው ቡና እንዲጨምር ማባበያ አያድርገው።

ስድስት ኪሎ አካባቢ ያሉት ንግድ ቤቶች ኃላፊነታቸው ከሌላው ይከብዳል። የግድያው ምስል በተቀረጸበት ሐውልት ዙሪያ በዚያ ጠዋት ሜዳሊያቸውን የደረደሩ አባት አርበኞች፣ ተማሪዎች፣ ጋዜጠኞች ይሰበሰባሉ። አበባ ሻጩ የጉንጉን ዋጋ በዚያ ቀን አይጨምር። ሻይ ቤቱ ለአባቶች ወንበር ያውጣላቸው፣ ሻይ ያቅርብላቸው፤ ሲጠጡም ፎቶ አያንሣቸው። መጽሐፍ ሻጩ ስለ ወረራው ዘመን የተጻፉትን ከፊት ይደርድር፤ የሙያው ነውና ይህንን መሸጡ ነውር የለውም።

ይህን የምታነቡ ባለሱቆች፣ ለየካቲት 12 ያዘጋጃችሁት ማስታወቂያ ካለ ዛሬውኑ አውርዱት፤ ለአድዋ ጊዜ አላችሁ። ሠራተኞቻችሁንም ማን መሄድ እንደሚፈልግ ከአሁኑ ጠይቋቸው።