ድሩ ከማጉ የተለየበት ትምህርት

በየስብሰባው ተደጋግሞ የሚነገር አንድ ምክር አለ፤ ይኸውም «የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስቀድሞ ክፍልና ወንበር ያግኝ፤ ሳይንስን በሙከራ መማር፣ ሥዕልና ዜማ የሚባለውም ነገር ኋላ ይደርሳል» የሚል ነው። ነገሩ ላዩን ሲያዩት የአስተዋይ ሰው ቃል ይመስላል። ነገር ግን «ኋላ» የተባለው ቀን ለቦንኬ፣ ለዲታና ለካምባ ልጆች እስከ ዛሬ ስላልነጋ፣ ምክሩን የስንፍና መሸፈኛ ነው ብንለው በደል አይሆንብንም።

በወረቀት ከሆነማ ነገሩ ተፈጽሟል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በአንደኛ ደረጃ የአካባቢ ሳይንስም አለ፤ የክወናና የእይታ ጥበባትም አለ። ይሁን እንጂ ሁለቱ በጊዜ ሰሌዳው ላይ እንደ ተጣሉ ጎረቤታሞች ጀርባ ለጀርባ ይኖራሉ። ፈተና ሲቃረብ የጥበባቱ ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ይሰጣል፤ ሳይንሱም ከጥቁር ሰሌዳ ወደ ደብተር የሚገለበጥ ጽሕፈት ሆኖ ይቀራል።

ከአርባ ምንጭ ላይኛው ሰፈር ከሼቻ ቆሞ ቁልቁል የሚመለከት ልጅ ሁለት ሐይቆች ያያል። አባያ ቀላ ያለ ነው፤ ጫሞ ግን ከእርሱ ይልቅ የጠራ ነው። በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የተባለው መሬት ተዘርግቷል። ይህን ልጅ ቀለም በጥብጦ ሁለቱን ሐይቆች እንዲሥል ብናዝዘው፣ «አባያ ስለምን ቀላ?» ብሎ መጠየቁ የማይቀር ነው። መልሱም በውኃው ውስጥ ሳይዘቅጥ የሚንሳፈፈው ደለል ነው፤ ደለሉም ጎርፍና ወንዝ ከደጋው ጠርገው ያወረዱት አፈር ነው። ዕፍኝ አፈር በብርጭቆ ውኃ በጥብጦ፣ ቶሎ የሚዘቅጠውንና ደፍርሶ የሚቆየውን ለይቶ ማየት ይቻላል። እንግዲህ ከአንድ ሥዕል ተነሥተን ስለ እርከንና ስለ አባቱ ማሳ ደረስን። ለዚህ ላቦራቶሪ የጠየቀ ማን ነው?

ወደ ጨንቻ ወጣ ብንል ደግሞ ሀብቱ ይበዛል። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተሠርቶ በእንሰት ቅጠል ይከደናል፤ ፊቱም የዝሆን ፊት ይመስላል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ቁመቱ እያነሰ ይሄዳል እንጂ ወዲያው አይፈርስም፤ ሲያስፈልግም ሰዎች ተሸክመው ወደ ሌላ ስፍራ ያዛውሩታል። ስለ ቅርጽ፣ ስለ ክብደትና ስለ ጥንካሬ ለማስተማር ከዚህ የበለጠ ምን መሣሪያ ይገዛል? ዶርዜዎች በልዩ ልዩ ድምፅ እየተቀባበሉ የሚያዜሙትን ዜማ የውጭ አገር የሙዚቃ ሊቃውንት መጥተው ቀድተውታል፤ አጥንተውታልም። የዚያው አገር ልጅ ግን ስለ ድምፅ የሚማረው በመጽሐፍ ላይ ከተሣለ ደወል ነው። ሸማኔው እግሮቹን በጉድጓድ ውስጥ ከትቶ መወርወሪያውን ሲያመላልስ፣ ጥለቱን ለማውጣት ስንት ክር እንደሚነሣና ስንት እንደሚቀር ይቆጥራል፤ ግራው ከቀኙ እንዲተካከል ያሰላል። ይህ ሒሳብም ነው፣ ሥነ ጥበብም ነው። የሚለያየው እኛ ዘንድ ብቻ ነው።

ነገሩን ያነሣነው ለጌጥ አይደለም። የጋሞ ደጋ ልጆች ገና በሕፃንነታቸው ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሽሮ ሜዳና ጉለሌ እየተወሰዱ ለሽመና ጉልበት ሲዳረጉ መኖራቸው ከማንም የተሰወረ አይደለም። ዋናው ምክንያት ድህነት ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ሆኖም አባት ልጁን ከትምህርት ቤት ሲያወጣ የራሱ ሚዛን አለው። ትምህርት ቤቱ ለልጁ እጅ ሙያ ካልሰጠ፣ ለአእምሮውም የተገለበጠ ጽሕፈት ብቻ ከሰጠ፣ ሚዛኑ ወደ ሸማ ጉድጓዱ ቢያደላ ምን ያስደንቃል? በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አውጀው ነበር። እኛ ስድቡን ተውነው፤ ንቀቱን ግን በጊዜ ሰሌዳው ውስጥ አስቀመጥነው።

በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት 70 በመቶው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይመደብ ተባለ። ጣራው በመቶኛ ሲከፋፈል መሠረቱ በቂ ጠባቂ አላገኘም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ወስደው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጥፋቱ ሁሉ ከአንደኛ ደረጃ መጣ አልልም፤ በ12ኛ ክፍል የተገለጠው ድካም ግን በ12ኛ ክፍል እንዳልተጀመረ የታወቀ ነው።

«መሣሪያ የለም» ይባላል። መሣሪያው ሲመጣስ ምን ይሆናል? በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ በመዝገብ ይሰፍራል፤ ርእሰ መምህሩም «ቢሰበር ከደመወዜ ይቆረጣል» ብሎ ይቆልፍበታል። የዓመቱ ቆጠራ ሲደርስ ሁሉም ሙሉ ሆኖ ይገኛል፤ ቆጣሪውም አመስግኖ ይሄዳል። ርእሰ መምህሩን አልወቅስም፤ ለተሰበረው እንጂ ላልተሠራበት ማንንም የማይጠይቀውን ደንብ ያወጣነው በየጽሕፈት ቤቱ የተቀመጥነው እኛ ነን።

ለዚህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በአርባ ምንጭ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አለ፤ በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ ተመሥርቶ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነውም እዚያው ነው። ኮሌጁ የሳይንስና የጥበባት ዕጩ መምህራንን በአንድነት አስቀምጦ ስለ አባያ ቀለም፣ ስለ ዶርዜ ቤትና ስለ ጥለት አንድ ትምህርት በጋራ እንዲያዘጋጁ ያድርጋቸው። በየትምህርት ቤቱ ሸማኔው በወር ሁለት ቀን እየመጣ ያስተምር፤ የቀን ዋጋውም ይከፈለው። የሒሳብ ሹሙ የምስክር ወረቀት እንደሚጠይቀው አውቃለሁ። የምስክር ወረቀቱ የሒሳብ ሹሙ ራሱ በበዓል ቀን ለብሶት የሚመጣው ጥበብ ነው። ለማስተማር ሲሠራበት የተሰበረ ዕቃም በመምህሩና በርእሰ መምህሩ ፊርማ ከመዝገብ ይሰረዝ፤ በቆጠራው ጊዜ ማብራሪያ የሚጠየቀው ዓመቱን ሙሉ ከሣጥን ስላልወጣው ዕቃ ይሁን።