ትምህርት ቤቱና አጥሩ

«ፕሮጀክት» የሚለው ቃል ወደ ትምህርት ቤቶቻችን ከገባ ሰንበትበት ብሏል። ቃሉ ገባ እንጂ ነገሩ ገና ከበሩ አላለፈም። ለመሆኑ ዛሬ በከተማ ትምህርት ቤቶች ፕሮጀክት እየተባለ የሚቀርበው ምንድን ነው? መምህሩ ዐርብ ዕለት ርእስ ይሰጣል፤ ተማሪው ርእሱን ለወላጁ ያደርሳል፤ ወላጅ ወደ ጽሕፈት መሣሪያ መደብር ይሮጣል፤ የመደብሩ ወጣት ከኢንተርኔት ቀድቶ፣ አትሞና ጠርዞ ያስረክባል፤ ሰኞ ጧት መምህሩ ሽፋኑን ተመልክቶ ከዐሥር ዘጠኝ ይሰጣል። በዚህ ሁሉ ቅብብሎሽ ውስጥ ዕውቀቱ በየትኛው እጅ ላይ እንደ ቀረ መርማሪ ቢታዘዝ አያገኘውም። አሁን ደግሞ የተጠየቀውን ሁሉ በቅጽበት የሚጽፍ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷልና የመደብሩ ወጣትም እንጀራው ሊቀርበት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው በየሳይንስ ትርኢቱ የማይታጣው እሳተ ገሞራ ነው። ከካርቶንና ከጭቃ ይበጃል፤ ቀይ ቀለም ይቀባል፤ አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ይጨመርበታል፤ አረፋው ሲገነፍል አዳራሹ በጭብጨባ ይናወጣል። ጭብጨባው የሚሰማው በስምጥ ሸለቆ ላይ በተቀመጠች አገር ነው። በ2017 ዓ.ም. በታኅሣሥና በጥር በፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ዘልቆ የፎቅ ነዋሪውን ከእንቅልፉ እየቀሰቀሰ ደጅ አውጥቶታል። በኅዳር 2018 ዓ.ም. በአፋር ምድር ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ደርሷል። ሌሊት አልጋው ሲወዛወዝበት ያደረ ልጅ በማግሥቱ ክፍል ሲገባ ምን ተጠየቀ? በስንት ሰዓት ተሰማህ? ስንተኛ ፎቅ ላይ ነበርህ? የተሰቀለው አምፖል ወዴት ተወዘወዘ? አያትህስ እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ ቀደም አይተው ያውቃሉ ወይ? እነዚህን አራት ጥያቄዎች ጠይቆ፣ መልሶቹን በሠፈሩ ካርታ ላይ ያሰፈረ ክፍል ቢኖር ኖሮ ልጆቹ የሠሩት ሥራ እውነተኛ ምርምር በሆነ ነበር።

ይህ የልጅ ጨዋታ የሚመስለው ሰው ሳይንሱ ከምን ከምን እንደ ተለቀመ አልተመለከተም። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘውን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የመሠረቱት ፒየር ጉዋን እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ከመሣሪያ ንባብ ሌላ ከዜና መዋዕል፣ ከመንገደኛ ማስታወሻና ካዩ ከሰሙ ሰዎች ቃል የተሰበሰበ ነው። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን ሲያፈርሳት ልጅ የነበረ ሽማግሌ በአካባቢው ዛሬም አይጠፋም። የሚጠፋው ደብተር ይዞ ከደጁ የሚቀመጥ ተማሪ ነው። ሽማግሌው ግን አይጠብቀውም።

የበሽታውን ምንጭ በመምህሩ ስንፍና ላይ ማላከክ ቀላል ነው፤ ሐሰትም ነው። ምንጩ ለእጅ ሥራ ያለን ጥንታዊ ንቀት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛውን በሥራው ምክንያት የሚሰድበውን፣ ቀጥቃጩን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ የሚለውን ሰው የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። በዚያው ዘመን በስማቸው የተጠራው የመጀመሪያው ዘመናዊ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሁለቱ ተግባራት ግን ከአንድ ቤተ መንግሥት ወጥተው መንገድ ላይ አልተገናኙም። ትምህርት ቤቱ ለአስተርጓሚነትና ለጸሐፊነት የሚያበቁ ቋንቋዎችን አስተማረ፤ አዋጁም ተነግሮ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ባለፉት ከመቶ የሚበልጡ ዓመታት «ተማረ» ማለት «እጁ ከጭቃ ወጣ» ማለት ሆኖ ኖሯል። በአጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የነበሩት የእርሻ፣ የእጅ ሥራ፣ የቤት አያያዝና የንግድ ትምህርቶች እንኳ በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወደ ቴክኒክና ሙያ ጎራ ተለይተው ሲወጡ እንባ ያፈሰሰላቸው ሰው ብዙ አልነበረም። ነጥብ ያነሰው ወደ እጅ፣ ነጥብ የበለጠው ወደ ራስ ተመደበ። እጅና ራስ በአንድ አካል ላይ መብቀላቸው ተረሳ።

እስቲ ወደ ሽሮ ሜዳ እንውጣ። ሸማኔው ድሩን ሲያደራ ቁጥር ይቆጥራል፤ ጥለቱን ሲጥል ያንኑ ቁጥር በወርድ ይደግማል፣ ይገለብጣል፣ ከመካከል ተነሥቶ ግራና ቀኙን ያስተካክላል፤ አንድ ክር ቢሳሳት ስሕተቱ ከእጅ ጠቅልሎ እስከ እጅ ጠቅልሎ ይከተለዋል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ያለ ወረቀት ነው። የእርሱ ልጅ በዚያው ቀበሌ ትምህርት ቤት ተቀምጦ ስለ ተመጣጣኝነት፣ ስለ ድግግሞሽና ስለ ምጥጥን ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ይገለብጣል፤ አይገባውም፤ ሰነፍ ይባላል። አባትየውም «የእኔ ልጅ ሒሳብ አይሆንለትም» ብሎ አንገቱን ይደፋል። ቀጨኔ ደግሞ ሸክላ ሠሪዎቹ እናቶች የትኛው አፈር በእሳት እንደሚሰነጠቅ፣ የትኛው እንደሚጸና፣ እሳቱ ስንት ሰዓት መንደድ እንዳለበት ያውቃሉ። የኬሚስትሪ መምህሩ ከእነርሱ ደጅ ቢቆም ምን ይቀንስበታል? ይህን ስል ሸማኔውን የክብር እንግዳ አድርጎ በዓመት አንድ ቀን መጋበዝን ማለቴ አይደለም፤ ያማ የወላጆች ቀን ነው። ልጆቹ መወርወሪያውን ጨብጠው፣ ጥለቱን በሒሳብ ደብተራቸው አስፍረው፣ አዲስ ጥለት አስበው፣ ሸማኔው ራሱ «ይህ ይሸመናል፣ ይህ አይሸመንም» ብሎ እንዲያርማቸው ነው የምጠይቀው። የሙያው ባለቤት ማርክ ይስጥ! ይህን አንድ ሐሳብ ብቻ ለአንድ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ባቀርብላቸው «ሰውዬው የማስተማር ፈቃድ አላቸው ወይ?» ሲሉ ጠይቀውኛል።

ዘዴው የፈረንጅ ነው፤ የእኛ ባህል በቃል ማጥናት ነው የሚሉ አሉ። ፈረንጁ ጆን ዱዊ እ.ኤ.አ. በ1896 በቺካጎ ልጆችን በምግብ ማብሰልና በአናጢነት ሥራ እያስተማረ የሙከራ ትምህርት ቤቱን መክፈቱ፣ ኪልፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1918 «የፕሮጀክት ዘዴ» ብሎ መጻፉ እውነት ነው። ጋንዲ እ.ኤ.አ. በ1937 ትምህርትን በእጅ ሥራ ላይ እንመሥርት ያሉትና ኔሬሬ እ.ኤ.አ. በ1967 «ትምህርት ለራስ መቻል» ብለው ያወጁት ግን ፈረንጅ ሆነው አይደለም። ከዚህም ሁሉ በፊት የቅኔ ቤት ነበር።

በቃል ማጥናትን ባህላችን የሚያደርጉት ሰዎች ከአብነት ትምህርት ቤት ደጃፍ ተመልሰዋል። ንባብ ቤትና ዜማ ቤት አጥንቶ የሚደግመው ተማሪ ቅኔ ቤት ሲገባ ሕጉ ይገለበጥበታል። በዋሸራም ይሁን በጎንጅ ወይም በዋድላ መንገድ ግሱን ከያዘ በኋላ ቅኔ ይቆጥራል፤ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ይሸጋገራል፤ እየከበደ፣ እየረዘመ እስከ መወድስ ይደርሳል። ቀን ከዛፍ ሥር ወይም ከመቃብር ቤት ተቀምጦ የቆጠረውን ከመምህሩ ፊት ይነግራል፤ ባልንጀሮቹ እየሰሙ ይታረማል። የትናንቱ ቅኔ ለዛሬ አይሆንም፤ የሌላው ሰው ቅኔ ጭራሹን አይሆንም። እንግዲህ የዕለት ፈተናው አዲስ ሥራ መፍጠር የሆነበት፣ ፈታኙና ተፈታኙ ፊት ለፊት የሚነጋገሩበት፣ መቅዳት ያለ ዘበኛ የተሻረበት ትምህርት ቤት እዚሁ አገራችን ውስጥ ኖሯል። ተማሪውም ከአጥር ውስጥ አልተዘጋበትም፤ ቁራሹን ከመንደሩ ለምኖ ይበላል፤ ለመንደሩም ደብዳቤ ይጽፋል፣ ዳዊት ይደግማል። በወሎም ሼሆቹ መንዙማን በገበሬው አማርኛ ደርሰው ሃይማኖቱንም ታሪኩንም በዜማ አስተምረውበታል። ሁለቱም ማእከሎች ጉድለት አልነበራቸውም አልልም፤ የሴት ልጅ ወንበር በቅኔ ቤት እጅግ ጥቂት ነበረ፤ አለንጋውም አይዘነጋም። ሆኖም ልንወርሰው የሚገባን ሥራን የፈተና ልብ ማድረጉን እንጂ አለንጋውን አልነበረም። የወረስነው አለንጋውን ነው።

ሌሎች ደግሞ «ሞክረነዋል» ይሉናል። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እየወጡ ማገልገል ጀመሩ፤ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ስድሳ ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ወደ ገጠር ዘመቱ፤ ከሐምሌ 1971 ዓ.ም. ጀምሮ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ፊደል ተቆጠረ። ከእነዚህ መካከል የመጨረሻው ትልቅ ሥራ መሆኑን ወዳጅም ጠላትም ይመሰክራል። ነገር ግን በሦስቱም ተማሪው የሄደው ሊያስተምር ነበር። ሕዝቡ ተማሪ፣ ዘማቹ መምህር ነበር፤ ትእዛዝ ሲያበቃም ዘማቹ ተመለሰ። እኔ የምለው በየሳምንቱ፣ በእግር በሚደረስበት ርቀት፣ ሕዝቡ መምህር የሚሆንበትን ነው። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃው የተተከለው ፕላዝማ ደግሞ የዚህ ፍጹም ተቃራኒ ነበር፤ ከመስኮቱ ውጭ ያለውን ወንዝ ትቶ ከሳተላይት የሚወርደውን ድምፅ እንድንሰማ አደረገን። ጥያቄ ለማንሣት የፈለገ ተማሪ ቴሌቪዥኑን ማስቆም አልቻለም።

አሁን ስለ ፈተናው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። እነዚህ ቁጥሮች እንደ ወጡ ከየአቅጣጫው «ቀልዱ ይብቃ፣ ልጆቹ ይጥኑ፣ ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ይያዝ» የሚል ጩኸት ተሰማ። እኔ ግን እጠይቃለሁ፤ እነዚያ የወደቁት ልጆች ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሠሩ የኖሩት ምን ነበር? ሸማ ሲሸምኑ፣ ወንዝ ሲለኩ ነበርን? ሲገለብጡ ነበር። ገልብጠው ወደቁ፤ መድኃኒቱም እንደገና መገልበጥ ሆነ። ማንበብ የማይችል ልጅ ፕሮጀክት ሊሠራ እንደማይችል አውቃለሁ፤ ፊደሉም የማባዛት ሠንጠረዡም በጊዜው መጠናት አለበት። ከዚያ በኋላ ግን ያነበበውን የሚያውልበት ነገር ካላገኘ የተማረው ሁሉ እንደ ተበደረ ዕቃ ፈተና ማግሥት ይመለሳል።

በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ መዋል የጀመረው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የእይታ ጥበባትን፣ የሙያና የቴክኒክ ትምህርትን ወደ ክፍል መልሷል። ይህ መልካም ነው። ግን ቀለምና ብሩሽ በሌለበት፣ ስድሳ ልጅ በአንድ ክፍል በታጨቀበት «ከበሮ የምት መሣሪያ ነው» ተብሎ ሲጻፍ፣ ልጆቹም ሲገለብጡ ታይቷል። ከበሮው ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥና ሠርግ ቤቱ ውስጥ አለ!

አሁን ደግሞ ለካድሬው ወንድሜ አንድ ነገር ልናገር፤ ጉዳዩ በበጀት እጥረት ብቻ የታሰረ አይደለምና። ከዓመታት በፊት በአንድ የወረዳ ከተማ ከተማሪዎች ጋር ተውኔት እሠራ ነበር። ልጆቹ ርእስ ሲመርጡ የቦኖውን ውሃ መረጡ። ሦስት ሳምንት ጀሪካን ቆጠሩ፤ ወረፋውን በሰዓት ለኩ፤ ውሃ ለመቅዳት ከክፍል የቀሩትን ሴት ልጆች በስም ሳይሆን በቁጥር መዘገቡ። ከዚያም ቁጥሮቹን ቃለ ተውኔት አደረጓቸው። ከመታየቱ በፊት አንድ ሹም ጽሑፉን አስመጥተው አነበቡና ስለ ቦኖው የሚናገረው ክፍል እንዲወጣ፣ በምትኩ ስለ ንጽሕና አጠባበቅ ምክር እንዲገባ አዘዙ። ልጆቹ ያለ ውሃ ስለ መታጠብ ዘፈኑ። ሰዉ ሳቀ፤ ሹሙም አብረው ሳቁ። ቦኖው እንደ ነበር ነበር።

እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር። ተማሪ ሠፈሩን መለካት ሲጀምር የሚያገኘው ሁልጊዜ የሚያስጨበጭብ አይሆንም። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ ችግኝ ይተከላል፤ ተማሪውም ይሰለፋል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል። ያው ተማሪ በኅዳር፣ በመጋቢትና በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ የጸደቀውን እንዲቆጥር፣ የደረቀው ለምን እንደ ደረቀ አፈሩን፣ ውሃውን፣ የከብቱን መንገድ መርምሮ እንዲጽፍ ቢደረግ ባዮሎጂም፣ ስታቲስቲክስም፣ ጂኦግራፊም፣ ሥነ ዜጋም በአንድ ኮረብታ ላይ በተማረ ነበር። ለዘመቻውም ከዚህ የበለጠ ወዳጅ አይገኝለትም። ሆኖም ቆጣሪው የሚያመጣው ቁጥር በሪፖርቱ ላይ ካለው ቁጥር ጋር ላይገጥም ይችላል። በዚያን ዕለት ካድሬው የሚሰጠው መልስ የትምህርት ቤቱን ዕድል ይወስናል። ቁጥሩን ተቀብሎ ደረቁ ቦታ እንደገና እንዲተከል ካደረገ ልጆቹ ዕውቀት ዓለምን እንደሚለውጥ በዓይናቸው አይተዋል። ደብተሩን ከቀማ ደግሞ ሌላ ትምህርት ሰጥቷቸዋል፤ ያንን ትምህርት ዕድሜ ልካቸውን አይረሱትም።

መምህሩም ቢሆን በሱፐርቪዥን ቅጽ የሚለካ ፍጡር ሆኗል። ቅጹ የትምህርት ዕቅድ አለው ወይ፣ ምዕራፉን ጨረሰ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ተማሪዎቹን ይዞ ስንት ጊዜ ከአጥር ወጣ የሚል ዐምድ የለውም። አንድ ዐምድ መጨመር ስንት ብር ይፈጃል?

የኪነ ጥበብ ሰዎችም ከዚህ ክስ ነፃ አንወጣም። የአገራችን ዘመናዊ ቲያትር ያደገው በትምህርት ቤት ነው፤ ከጣልያን ወረራ በፊት ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው ያስተማሯቸውን ልጆች ይዘው መድረክ ሞልተዋል። እኛ ግን ወደ ትምህርት ቤት የምንሄደው ስንጋበዝ፣ ግጥም አንብበን፣ ለስላሳ ጠጥተን ለመመለስ ነው። በየዞኑ ከተማ የባህል አዳራሽ ቆሟል፤ ከስብሰባ ቀን በስተቀር ቅዳሜና እሑድ ተቆልፎ ይውላል፤ ቁልፉም ከዘበኛው ኪስ አይወጣም። ማኅበራችን በመጪው መስከረም በየቅርንጫፉ ሊወስነው የሚችለው ጉዳይ ይኸው ነው፤ አዳራሹ ቅዳሜ ጧት ለአካባቢው ትምህርት ቤት ይከፈት፤ ከየቅርንጫፉ ሁለት አባላት፣ አንድ ሠዓሊና አንድ ጸሐፌ ተውኔት፣ ለአንድ ወሰነ ትምህርት ከአንድ ክፍል ጋር ይመደቡ፤ ርእሱን ልጆቹ ከሠፈራቸው ያምጡ፤ የሠሩትን የሚያዩትና የሚተቹትም የሠፈሩ ሰዎች ይሁኑ። የእኔን ስም በመጀመሪያው መዝገብ ላይ ጻፉልኝ። ቦኖውን ግን ማንም እንዳያስወጣብን።