ሰርቪስ ቤት፦ ከጓሮ ያለው የቤት ፖሊሲ

«ሰርቪስ፣ አንድ ክፍል፣ ለሴተላጤ፣ ሽንት ቤት የጋራ።» አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ፈልጋችሁ የምታውቁ ከሆነ ይህን ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ አይታችኋል። ስለ ቤት ችግር ሲወራ ግን ወሬው ሁሉ ኮንዶሚኒየምና ሪል ስቴት ነው። ደመወዙ ሪል ስቴት የማይደርስ፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ያልወጣለት ወጣት የት ነው የሚኖረው? አብዛኛውን ጊዜ የሰው ጓሮ ውስጥ።

ሰርቪስ መጀመሪያ ከዋናው ቤት ጀርባ ለማብሰያ፣ ለዕቃና ለሠራተኛ የሚሠራ ክፍል ነበር። በ1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ለአንድ ቤተሰብ የተፈቀደው አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ሆነ። ኋላ ላይ ማከራየት ሲፈቀድ፣ ሌላ ቦታ የሌለው ባለይዞታ ፊቱን ወደ ጓሮው አዞረ።

በኢኮኖሚክስ ዓይን ሲታይ ነገሩ ብልህነት ነው። የጓሮ ክፍል ለመሬት አዲስ ወጪ የለባትም። መንገዱ፣ የውሃ መስመሩ፣ አጥሩ ቀድሞ አለ። ተከራዩም ከኮዬ ፈጬ ወይም ከየካ አባዶ መሃል ከተማ ለመድረስ በየቀኑ ታክሲ አይሰለፍም።

ታዲያ ለምን በብዛትና በጥራት አይሠራም? እስቲ ለምሳሌ ያህል እናስላው። አንዲት እናት ሽንት ቤት ያላት አንድ ክፍል በ600 ሺህ ብር ሠሩ፣ በወር 8 ሺህ አከራዩ እንበል። በዓመት 96 ሺህ ነው። ግብርና ጥገና ሳይታሰብ ገንዘባቸው የሚመለሰው ከ6 ዓመት ከ3 ወር በኋላ ነው። ብሩ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእቁብ ወይም ውጭ አገር ካለ ልጅ ነው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብረትና የቆርቆሮ ዋጋ ምን እንደሆነ ለማንም አይነገርም። ስለዚህ በብሎኬት ፈንታ ጭቃ፣ በመስኮት ፈንታ ቀዳዳ ይመጣል።

ትልቁ ችግር ግን ወረቀት ነው። በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ለተከራይ ጥሩ ነገር ይዟል፦ ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዝገብ፣ ቢያንስ 2 ዓመት ይቆይ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር አይለፍ፣ ጭማሪም በዘፈቀደ አይሁን ይላል። አሁን ክፍሏ ያለ ግንባታ ፈቃድ የተሠራች ናት እንበል። አከራይዋ ውሉን ላስመዝግብ ቢሉ ራሳቸውን እንደመክሰስ ነው የሚቆጥሩት። ስለዚህ ውሉ በቃል ይቀራል። በቃል ውል የገባው ልጅ «ከሚቀጥለው ወር 2 ሺህ ጨምር» ሲባል አዋጁን ምን ብሎ ይጥቀስ? ፒያሳና ካዛንቺስ በኮሪደርና በመልሶ ማልማት ሲነሡም፣ ሰርቪስ ውስጥ በቃል የተከራየ ሰው ባለይዞታም የቀበሌ ቤት ተከራይም ስላልሆነ ምትክ ለመጠየቅ የሚያሳየው ወረቀት አልነበረውም።

አንዳንዱ «ሕገወጥ ከሆነ ይፍረስ» ይላል። ይፍረስ፤ ግን ውስጡ ያለው ሰው አይጠፋም፣ ሌላ ሰርቪስ ፈልጎ ኪራዩን ያስወድዳል እንጂ። በሌላ በኩል «ሁሉም ይሥራ» ማለትም አያዋጣም። ለ15 ሰው አንድ ሽንት ቤት፣ ከአንድ ቆጣሪ የተጎተተ ገመድ፣ እሳት ቢነሳ መውጫ የሌለው ግቢ የቤት መፍትሔ አይባልም።

መሃል መንገድ አለ። ክፍለ ከተማው ለጓሮ ክፍል የሚሆኑ ሁለት ሦስት የተዘጋጁ ፕላኖች በነፃ ይስጥ፤ መስኮት፣ ሽንት ቤትና መውጫ ግዴታ ይሁኑ። ይህን የሚያሟላ ሰው ፈቃድ በቀናት ውስጥ ያግኝ። የተሠሩትም የጎደላቸውን አሟልተው ሳይቀጡ የሚመዘገቡበት ጊዜ ይሰጣቸው። ያኔ አከራይዋ ከመዝገብ አይሸሹም፣ ኪራይ የሚቆጣጠረው አዋጅም ጓሮ ድረስ ይገባል።

የኪራይ ዋጋን በሕግ መያዝ ግማሽ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ የሚከራይ ክፍል ማብዛት ነው። እስከዚያው ግን ቤት የምትከራዩ ልጆች፣ ኪራዩን በባንክ ክፈሉ፣ ደረሰኙንም አትሰርዙት። የቃል ውል ይዞ ለሚኖር ሰው እዚያ ቤት መኖሩን የሚያሳይለት ያ ደረሰኝ ብቻ ሊሆን ይችላል።