የወንጭፍ ድንጋይ መንገድ

ዳንግላ አካባቢ በቆሎው አሽቷል። እኛም ከዝንጀሮ ጠባቂዎች ጋር ማማ ላይ ወጣን።

ወንጭፍ ሲለቀቅ ድንጋዩ ወደ ፊት ይሮጣል። መሬት ግን ወዲያው ወደ ታች ትስበዋለች። ስለዚህ መንገዱ ይጎብጣል። ይህን ጋሊሊዮ የተባለ የኢጣሊያ ሊቅ በ1638 እ.ኤ.አ. ጽፎታል።

እስቲ ሞክሩት። ከማማው አንድ ድንጋይ ዝም ብላችሁ ልቀቁ። በዚያው ቅጽበት ሌላውን፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳትሉ፣ ወደ ፊት ወርውሩ። መሬቱ ደልዳላ ከሆነ ሁለቱም እኩል ይወድቃሉ! 5 ሜትር ለመውረድ 1 ሴኮንድ ያህል ይበቃል።

የወንጭፍ ድንጋይ ከ100 ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። ዝንጀሮውን ብንስት ማሳውን አልፎ ይወርዳል። እዚያ ማዶ ልጆች ከብት ይጠብቃሉ። ከመወንጨፋችን በፊት ማዶውን እንይ። በቆሎ ለከርሞ ይዘራል፤ የልጅ ዓይን ግን አይተካም።