ገመድ አልባው ስፒከር ስንት ገመድ ይፈልጋል?

በአሁኑ ወቅት በመርካቶም ሆነ በየሰፈሩ በተከፈቱ የኤሌክትሮኒክስ መደብሮች ለሽያጭ ከሚቀርቡት ዕቃዎች መካከል ገመድ አልባ ስፒከሮች ይገኙበታል። የዕቃው ስም ራሱ ጥሩ አሻሻጭ ነው። ሸማቹ “ገመድ አልባ” የሚለውን ቃል ሲሰማ፣ ስፒከሩን ከካርቶኑ አውጥቶ መደርደሪያ ላይ ካስቀመጠው ሌላ ጣጣ የሌለበት ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንደ ስሙ አይደለም።

ለአብነት ያህል በከተማዋ ደቡባዊ ጫፍ በምትገኘው ፉሪ አዲስ ቤት የገባ አንድ አባወራ ቢወሰድ ጉዳዩን ግልጽ ያደርገዋል። አባወራው ሳሎኑ ውስጥ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ሰቅሏል። ከአባቱ የወረሳቸው ሸክላዎች አሉት፤ አሜሪካ የምትኖር እህቱም የሸክላ ማጫወቻ ልካለታለች። የቀረው ስፒከር ነውና መርካቶ ይወርዳል። ሻጩ ዕቃውን ከእጅ ስልኩ ጋር በብሉቱዝ አገናኝቶ ዘፈን ያሰማዋል፤ ድምፁ ሱቁን ይሞላዋል። ገዢው ዋጋ ተከራክሮ፣ ከፍሎ፣ ደስ ብሎት ይመለሳል። ፉሪ ሲደርስ ግን ቴሌቪዥኑም ሆነ ማጫወቻው ከስፒከሩ ጋር አልግባባ ይላሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሏል ይኸ ነው።

ችግሩ የስፒከሩ ብልሽት አይደለም። ስፒከሩ ተቀባይ ነው፤ ድምፁን የሚልክለት ሌላ ዕቃ ይፈልጋል። የእጅ ስልክ ላኪ ስላለው ሱቅ ውስጥ ወዲያው ተናገረ። ቴሌቪዥን ግን አንዳንዱ በብሉቱዝ ድምፅ ይልካል፣ ሌላው አይልክም። የማይልክ ከሆነ ትራንስሚተር የሚባል ትንሽ ዕቃ ተጨማሪ መግዛት ግድ ይሆናል። ትራንስሚተሩ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ላይ ድምፅ ማውጫ ማግኘት አለበት። በርካታ ዘመናዊ ቴሌቪዥኖች ጀርባ ላይ የሚታዩት ቀይና ነጭ ቀዳዳዎች ድምፅ የሚያስገቡ እንጂ የሚያወጡ አይደሉም። ድምፅ የሚያወጡት አብዛኛውን ጊዜ ኦፕቲካል የሚባለው ቀዳዳ፣ ኤአርሲ የሚል ጽሑፍ ያለበት ኤችዲኤምአይ ወይም የጆሮ ማዳመጫው መሰኪያ ናቸው። በዲሽ ለሚመለከት ሰው ደግሞ ሌላ በር አለ፤ ብዙዎቹ ሪሲቨሮች ድምፅ የሚያወጣ የቀይና ነጭ ጃክ መስመር አላቸው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር የሚነግረው ሻጭ ያገኘ ገዢ ብዙ ወጪ ይድናል።

ግንኙነቱ ከተሳካም በኋላ የብሉቱዝ ድምፅ ይዘገያል። መዘግየቱ ብዙውን ጊዜ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ እስከ ሁለት አሥረኛ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ፣ ዜና አንባቢው አፉን ከከፈተ በኋላ ድምፁ ሲከተል ዓይን ወዲያው ያውቀዋል። ስለዚህ ለቴሌቪዥን ከብሉቱዝ ይልቅ በገመድ የሚገባ ስፒከር የተሻለ ነው።

የሸክላ ማጫወቻው ችግር ከዚህ የተለየ ነው። ሸክላ ምስል ስለሌለው ድምፁ ቢዘገይም የሚጎዳው ነገር የለም። እርሱን የሚጎዳው ድካም ነው። ከመርፌው የሚወጣው ኤሌክትሪክ በሺህኛ ቮልት የሚለካ፣ በተለመዱት መርፌዎች 5 ሺህኛ ቮልት ያህል ብቻ ሲሆን፣ ሌሎች የሙዚቃ ዕቃዎች የሚልኩት ግን በመቶዎች ይበልጠዋል። በተጨማሪም ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፤ ሲጫወት መመለስ አለበት። ይህን ሁለት ሥራ የሚሠራው ፎኖ ፕሪአምፕ የሚባለው ዕቃ ነው። አንዳንድ ማጫወቻዎች ውስጣቸው ይዘውት ይመጣሉ፤ ብሉቱዝ ላኪ ጭምር ያላቸውም አሉ። የሌለው ማጫወቻ በቀጥታ ስፒከር ላይ ከተሰካ የሚሰማው እንደ ትንኝ የቀጠነ ድምፅ ነው።

ከአሜሪካ የሚላክ ማጫወቻ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ሲሆን የእኛ አገር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፤ ኸርዙን ግን አይለውጥም። ሞተሩ ፍጥነቱን ከመብራቱ የሚወስድ አሮጌ ማጫወቻ ከሆነ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ መዞር የሚገባው ሸክላ 37 ተኩል ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ ዘፋኙም እንቅልፍ የያዘው ይመስላል። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ገደማ ባቋቋመው አምሃ ሪከርድስ፣ በኋላም አሊ አብደላ ካይፋ በካይፋ ሪከርድስ ካሳተሟቸው ሥራዎች አብዛኞቹ ባለ 45 ትንንሽ ሸክላዎች ናቸው። ካሴት ቦታቸውን ከወሰደ ከ40 ዓመታት በላይ አልፏል። በአባቱ ቤት እነዚህን ጠብቆ ያቆየ ሰው የአለማየሁ እሸቴን ድምፅ ተንቀራፎ ሲሰማው የሚያዝነው በስፒከሩ ዋጋ ብቻ አይደለም።

የገንዘቡም ነገር ቀላል አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። እነዚህ ዕቃዎች ከውጭ የሚገቡ እንደመሆናቸው፣ በስህተት የተገዛ ስፒከር የሸማቹ ብቻ ሳይሆን የአገርም ኪሳራ ነው።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። እንከን ያለበት ዕቃ የገዛም በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል አስፍሯል። እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ነገር አለ። የፉሪው አባወራ ስፒከር እንከን የለበትም፤ ከቤቱ ዕቃ ጋር አለመግባባቱ ብቻ ነው ጥፋቱ። ስለዚህ የሚያድነው ከግዢ በኋላ ያለው የመመለስ መብት ሳይሆን፣ ከግዢ በፊት ያለው የማወቅ መብት ነው።

ነጋዴዎች በበኩላቸው የሚያቀርቡት ምክንያት አላቸው። ካርቶኑ የተከፈተ ዕቃ ዋጋው ይወርዳል፤ ሁሉም ገዢ ሞክሮ ቢመልስ ሱቁ ይዘጋል። ይህ እውነት ነው። ሆኖም መፍትሔው ካርቶን መክፈት አይደለም። ለማሳያ በተቀመጠው አንድ ስፒከር ላይ በእጅ ስልክ ፈንታ ቴሌቪዥንና ማጫወቻ አገናኝቶ ማሳየት ይቻላል። ከዚያም በላይ “ቤትዎ ያለው ቴሌቪዥን ምን ዓይነት ነው? ማጫወቻው ፕሪአምፕ አለው?” ብሎ መጠየቅ ምንም ወጪ የለውም። እንዲያውም የጠየቀ ነጋዴ ትራንስሚተሩንና ፕሪአምፑንም ይሸጣል፤ ደንበኛም ያፈራል።

ሸማቹም ቢሆን ከቤቱ ሳይወጣ የቴሌቪዥኑን፣ የሪሲቨሩንና የማጫወቻውን ጀርባ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ቢሄድ ክርክሩ ያጥርለታል። የወላጆቹ አሮጌ አምፕሊፋየር ካለና ፎኖ የሚል መግቢያ ካለው ደግሞ ለሸክላው አዲስ ስፒከር ላያስፈልገው ይችላል።

በመጨረሻም ቆጠራው ይህን ይመስላል። ቴሌቪዥን፣ ሪሲቨር፣ ማጫወቻ፣ ፕሪአምፕ፣ ትራንስሚተርና ሁለት ስፒከሮች ሲደመሩ ሰባት መሰኪያ ይፈልጋሉ፤ የድምፅ ገመዶቹ ሳይጨመሩ ማለት ነው። ስፒከር ሊገዛ የወጣ የፉሪ ሰው ዲቫይደርም አብሮ ይግዛ። ይህን አስቀድሞ የሚነግረው ግን ሻጩ መሆን ነበረበት።