ልጁን ወዲህ ልላከው ወይ?

ለንደን ልጅና የልጅ ልጅ ያላቸው ወላጆች ስልካቸው ላይ ምን እንደሚደርሳቸው ለመገመት አያዳግትም። ኮፍያውን አጥልቆ ገጀራ የሚያህል ስለት የያዘ ጎረምሳ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሌላውን ሲያባርር የሚያሳይ ቪዲዮ በቴሌግራም ይመጣል። መቼ እንደተቀረጸ፣ የት ሰፈር እንደሆነ አይጻፍበትም። አያት እንቅልፍ ሳይወስዳቸው ያድሩና በማግስቱ ይደውላሉ። «አንተ፣ ያንን ልጅ ወዲህ ላክልኝ፤ እኔው አሳድገዋለሁ!» አባትም የሚመልሰው ስለሌለው ዝም ይላል። አንዳንዱ ግን ዝም አይልም፤ ትኬት ይቆርጣል።

ጭንቀቱ የእኛን ሰው ብቻ የያዘ አይደለም። ጋና ዘመድ ያላቸው የለንደን ወላጆች ነገሩን ፍርድ ቤት ድረስ ወስደውታል፤ ወይም ልጃቸው ወስዶባቸዋል ማለት ይሻላል። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ለንደን ተወልዶ ያደገ ልጃቸውን «የታመመ ዘመድ እንጠይቅ» ብለው ወደ ጋና ይዘውት ሄዱና አዳሪ ትምህርት ቤት አስገብተውት ተመለሱ። ልጃችን ወደ ወሮበላ ቡድን እየተሳበ ነው፣ አንድ ቀን በስለት ይወጋል ወይም ይወጋብናል ብለው ፈርተው ነበር። ልጁ ግን ይህ እውነት አይደለም አለ። ራሱ የእንግሊዝን ከፍተኛ ኮሚሽን አነጋገረ፣ ጠበቃ አገኘ፣ ወላጆቹን ከሰሰ። በፌብሩዋሪ 2025 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ለወላጆቹ ፈረደላቸው። ዳኛው ይህን ያደረጉት ከፍቅር እንደሆነ ተቀበሉ፤ ልጁ ቢመለስ የባሰ አደጋ ላይ ይወድቃል አሉ። በጁን ደግሞ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ጉዳዩ እንደገና ይታይ ብሎ አዘዘ።

እኔ ከዚህ ታሪክ ውስጥ ልቤን የነካው ክሱ ሳይሆን ሰበቡ ነው። የታመመ ዘመድ! ልጁ ስለ ቢላዋ ከወላጆቹ ጋር የሚነጋገርበት በር እዚያ ላይ ተዘጋ።

ለመሆኑ የፈራነው ነገር ምን ያህል ነው? እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ፖሊስ በዓመት 50 ሺህ ገደማ ስለት ያለበት ወንጀል ይመዘግባል። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ነገር ግን ውስጡ ሲታይ ቢላዋ አሳይቶ ስልክ መቀማትም፣ «እወጋሃለሁ» ብሎ ማስፈራራትም አብሮ ይቆጠራል። እስከ ማርች 2024 በነበረው አንድ ዓመት በስለት የተገደሉት ሰዎች፣ ትልቁም ትንሹም፣ 262 ነበሩ፤ የሕዝቡ ብዛት 60 ሚሊዮን ገደማ ነው። ለንደን ውስጥ በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆች የተገደሉበት ክፉ ዓመት 2021 ነበር፤ በስለትም በሌላም 30 ልጆች ሞቱ። በ2024 ቁጥሩ ወደ 10 ወረደ። አሥር ልጅ ጥቂት ነው የሚል ወላጅ አይኖርም፤ አሥር ቤት ለቅሶ ተቀምጧል። ዘጠኝ ሚሊዮን ያህል ሰው በሚኖርበት ከተማ ግን «ልጅ ከቤት ከወጣ አይመለስም» የሚያሰኝ አይደለም። ሠላሳው ሲሞቱ የተላላኩት ቪዲዮ ዛሬም ይዞራል፤ ቁጥሩ መውረዱን ግን ማንም በቴሌግራም አይልክም።

ሌላው የተሳሳተ ነገር «ማን ነው?» የሚለው ነው። ለንደን ውስጥ ጥቁር ልጆች ከብዛታቸው በላይ ተጎጂም ተጠርጣሪም ሆነው መገኘታቸው እውነት ነው። ከዚያ ተነስቶ «የጥቁር ልጆች በሽታ ነው» የሚለው ግን ውሸት ነው፤ ይህን ውሸት ደግሞ አንዳንዴ ከራሳችን ሰው አፍ እንሰማዋለን። የስኮትላንዷ ግላስጎው በ2000ዎቹ መጀመሪያ በአውሮፓ በግድያ ስሟ የሚነሳ ከተማ ነበረች፤ የሚወጋጉት ልጆች ከሞላ ጎደል ነጮች ነበሩ። የከተማዋ ፖሊስ በ2005 አንድ ክፍል አቋቋመና ነገሩን እንደ ተላላፊ በሽታ ያየው ጀመር። ከእስሩ ጎን ሐኪሙን፣ አስተማሪውን፣ ቀጣሪውን አንድ ላይ አሰለፈ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ግድያው ከግማሽ በላይ ቀንሷል።

በጁላይ 2024 ደግሞ ሳውዝፖርት በምትባል የባሕር ዳር ከተማ አንድ የ17 ዓመት ወጣት የዳንስ ትምህርት ላይ የነበሩ ሦስት ትንንሽ ልጃገረዶችን በቢላዋ ገደለ። ሰዓታት ሳይቆዩ «በጀልባ የመጣ ስደተኛ ነው» የሚል ወሬ ከነሐሰተኛ ስሙ ተሰራጨ። ልጁ እዚያው ዌልስ፣ ካርዲፍ ውስጥ የተወለደ ነበር። ወሬው ግን ቀድሞ ስለ ደረሰ መስጊድ ተወገረ፣ ስደተኞች ያረፉበት ሆቴል ሊቃጠል ደረሰ። እንግዲህ ባልተጣራ ቪዲዮ የሚደናገጠው የአዲስ አበባ አያት ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ፍርሃት ብቻውን አይቀመጥም፤ ሥራ ይሠራል። አብዛኛው ልጅ ቢላዋ አይዝም። ሆኖም አንድ የ14 ዓመት ልጅ «ሁሉም ይይዛል» ብሎ ካመነ፣ ባዶ እጁን የሚሄደው እሱ ብቻ ይመስለዋል። ይህን እምነት የሚያገኘው ከጓደኛው ብቻ አይደለም። ፖሊስ የያዘውን ስለት ደርድሮ ከሚለጥፈው ፎቶ፣ ከዜናው፣ እራት ላይ «ዛሬም አንዱን ወጉት አሉ» ከምንለው ከእኛም ነው። በ2019 የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ስለ ቢላዋ የሚያስጠነቅቅ መልእክት በተጠበሰ ዶሮ መሸጫ ካርቶኖች ላይ አትሞ ነበር፤ ከ300 ሺህ በላይ ካርቶን። ልጁ ዶሮውን ለመብላት ሲከፍት ስለ ቢላዋ ያነባል። የጥቁር ተወላጅ የፓርላማ አባላት ይህ ልጆቻችንን መስደብ ነው ብለው ተቆጡ። ስድብነቱ እንዳለ ሆኖ፣ እኔን የበለጠ ያሳሰበኝ ዶሮ በመብላት ላይ ላለ ልጅ ቢላዋ የትም አለ ብሎ መንገሩ ነው።

ፈርቶ የያዘ ልጅ ደግሞ ገበያ መሄድ አያስፈልገውም። «ዞምቢ» የሚባሉት አስፈሪ ስለቶችና ገጀራዎች በሴፕቴምበር 2024 ታግደዋል፤ ጥሩ ሆኗል። ዳሩ ግን በስለት በሚፈጸም ግድያ ከሁሉ ይበልጥ የሚገኘው ያው የኩሽና ቢላዋ ነው። እማዬ ሽንኩርት የምትከትፍበት! ለንደን ያላችሁ እናቶች መሳቢያችሁን ቁጠሩ ብል አትቆጡኝ።

ልጆቹ የሚያምኑት ሌላም ነገር አለ፤ ጭን ወይም መቀመጫ ላይ የተወጋ አይሞትም ይላሉ። ሐሰት ነው። ጭን ውስጥ ትልቅ የደም ሥር ያልፋል፤ እሱ ከተበጠሰ ልጁ አምቡላንስ ሳይደርስ በደቂቃዎች ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። «ለማስፈራራት ብቻ ነው የያዝኩት» የሚለውም ሕጉ ፊት አያድንም። ራሴን ለመከላከል ነው ማለት ምክንያት ሆኖ አይቆጠርም፤ ቅጣቱ እስከ 4 ዓመት እስር ይደርሳል። እዚያ አገር ልጅ በወንጀል የሚጠየቀው ከ10 ዓመቱ ጀምሮ ነው።

ታዲያ አያት ከሩቅ ሆነው ምን ያድርጉ? እኔ የማውቀው አንድ ጠቃሚ ነገር ስለ ሰዓት ነው። የለንደን ሐኪሞች ተወግተው ወደ አንድ ትልቅ ሆስፒታል የመጡ ከ25 ዓመት በታች ወጣቶችን የብዙ ዓመት መዝገብ አገላብጠው በ2018 ያወጡት ጥናት አለ። ከ16 ዓመት በታች ያሉት በብዛት የሚጎዱት በትምህርት ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 እስከ 12 ሰዓት፣ ያውም ከቤታቸው ብዙ ሳይርቁ ነው። ሌሊት አይደለም፤ ጨለማ ጓሮ ውስጥም አይደለም። ከትምህርት ቤት ወደ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። የአሥር ዓመቱ ናይጄሪያዊ ልጅ ዳሚሎላ ቴይለር በኖቬምበር 2000 የተገደለው ከፔካም ቤተ መጻሕፍት ወጥቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ ልክ በዚሁ ሰዓት ነበር። ቤተሰቡ ለንደን ከገባ ገና ጥቂት ወሩ ነው። እሱን ለሞት ያበቃው እንኳን ቢላዋ አልነበረም፤ የጠርሙስ ስብርባሪ ነው።

ስለዚህ «ቢላዋ ትይዛለህ ወይ?» ከማለት «የኔ ጌታ፣ ከትምህርት ቤት ከማን ጋር ነው የምትመለሰው? በየት በኩል ነው የምታልፈው? እማዬ ከሥራ እስክትመጣ የት ትቆያለህ?» ማለት ይበልጣል። ልጁ ለመጀመሪያው ጥያቄ «አይ እማማ» ብሎ ያልፋል። ለሁለተኛው መልስ አለው፤ የማያልፍበት መንገድ ካለ ደግሞ ለምን እንደማያልፍ ይነግርዎታል። እናትና አባት በፈረቃ በሚሠሩበት ቤት ይህን ሁለት ሰዓት የሚጠይቅ ሰው ላይኖር ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ግን ሰዓቱ አመቺ ነው፤ ለንደን ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን እዚህ እንደ ወቅቱ 12 ወይም የምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ልጁ ቤት ከገባ በኋላ ይደውሉ እንጂ መንገድ ላይ ስልክ አያስወጡት፤ ስልክም ይቀማል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሥጋቱ እውነተኛ የሚሆንበት ልጅ አለ። ያልገዛችሁለት አዲስ ጫማና ገንዘብ የሚታይበት፣ ሁለት ስልክ የያዘ፣ ሌላ ከተማ ሄዶ የሚያድር። እንዲህ ላለው ልጅ ትምህርት ቤቱን ቶሎ ማነጋገር ያስፈልጋል፤ አገር መቀየርም አንዱ አማራጭ ሊሆን ይችላል፤ እኔ አልከለክልም። ብቻ እዚህ ያላችሁ አያቶች «ላክልኝ» ከማለታችሁ በፊት የምትቀበሉት ማንን እንደሆነ እወቁ። የእንግሊዝ ፓስፖርት ይዞ የሚገባ ልጅ እንደ ውጭ ዜጋ ሊታይ ይችላል፤ ጥምር ዜግነት የለንምና የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ሊያስፈልገው ይችላል። አማርኛ ቢሰማም አያነብም ይሆናል። ከ14 እስከ 16 ዓመት ባለው ዕድሜ ደግሞ እዚያ ለትልቁ ፈተና የሚዘጋጁበት የሁለት ዓመት ትምህርት ላይ ነው፤ መሐል ላይ ከተነሳ ሁለቱንም ያጣል። በእንግሊዝ ሥርዓት የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አዲስ አበባም አሉ፤ ክፍያቸውን ከትኬቱ በፊት ጠይቁ። ለንደን ላይ ከትምህርት በኋላ ያለችውን ያቺን ሁለት ሰዓት የሚሞላ የሰፈር እግር ኳስ ክለብ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይረክሳል።