«ሪፔል»፤ የሚመልስ እንጂ የማይገድል ቃል

በዚህ ሳምንት የምንመለከተው የእንግሊዝኛ ቃል «ሪፔል» የሚለው ነው። ትርጉሙን ብትጠየቁ «ማባረር» ብላችሁ ትመልሱ ይሆናል። ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ግማሽ መልስ ነው። ግማሽ መልስ ምን ያህል እንደሚጎዳ ከራሴ የደረሰውን ላጫውታችሁ።

ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ጀማሪ ጸሐፊ ሳለሁ፥ ወደ ቆላ ለሚወርዱ ሠራተኞች ከውጭ አገር የመጣ የዕቃ ዝርዝር እንድተረጉም ታዘዝሁ። ከዕቃዎቹ አንዱ «ኢንሴክት ሪፔለንት» ይል ነበር። እኔም መዝገበ ቃላት መግለጥ ታክቶኝ «የትንኝ መግደያ መርዝ» ብዬ ጻፍሁ። የግምጃ ቤቱ ሹም ጠንቃቃ ሰው ነበሩና፥ መርዝ የሚለውን ቢያዩ ዕቃውን ከአይጥ መርዝ ጋራ ቆለፉበት። ሠራተኞቹም ገላቸውን የሚቀቡትን ሳይዙ ወረዱ፤ ከመካከላቸው ሁለቱ በወባ እየተንቀጠቀጡ ተመለሱ። ሕመሙን ያመጣው የእኔ ብዕር ብቻ ነው ለማለት አልችልም፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ ይህን ቃል አልረሳሁትም።

አሁን ወደ ቃሉ ሥር እንሂድ። «ፔል» የሚለው ክፍል የመጣው ከላቲን ሲሆን፥ መግፋት ወይም መንዳት ማለት ነው። ከፊቱ የሚቀጠለው ፊደል የሚገፋው ነገር ወዴት እንደሚሄድ ይነግረናል። «ሪ» ወደ ኋላ ነው፤ ስለዚህ «ሪፔል» የመጣውን ወደ መጣበት መመለስ ነው። «ኤክስፔል» ከውስጥ ወደ ውጭ ማስወጣት፥ «ዲስፔል» ወዲያና ወዲህ መበተን፥ «ፕሮፔል» ወደ ፊት መግፋት ነው፤ የአውሮፕላን «ፕሮፔለር» ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። «ኮምፔል» ደግሞ ማስገደድ ነው።

ችግራችን የሚነሣው የእኛ «አባረረ» ለብዙ ሥራ ስለሚያገለግል ነው። ትምህርት ቤት ተማሪን ቢያባርር እንግሊዝኛው «ኤክስፔል» ነው። መሥሪያ ቤት ሠራተኛን ቢያባርር «ዲስሚስ» ነው። አንድ ማስረጃ ጥርጣሬን ከልብ ቢያባርር «ዲስፔል» ነው። ዶሮን «እሽ!» ብሎ ከስጥ ላይ ማባረር «ሹ» ይባላል። በእነዚህ ሁሉ ቦታ «ሪፔል» ብትሉ እንግሊዝኛ አዋቂው ይሥቅባችኋል።

ታዲያ «ሪፔል» ቦታው የት ነው?

፩ኛ፤ በጦርነት። የመጣን ጥቃት መክቶ መመለስ ነው። ነገር ግን ቃሉ ጠላት ተመለሰ ይላል እንጂ ድል ሆነ አይልም። ስለዚህ በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ የሆነውን በእንግሊዝኛ ስትጽፉ፥ ወረራው «ሪፔል» ተደረገ ማለት ይቻላል፤ የኢጣልያ ጦር ግን ድል ስለ ሆነ ለእርሱ «ዲፊት» የሚለውን ጻፉ። አለዚያ የአባቶቻችሁን ሥራ ታሳንሳላችሁ።

፪ኛ፤ በፊዚክስ ትምህርት። ሁለት ማግኔቶች በተመሳሳይ ጫፋቸው ቢቀራረቡ እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ፤ ይህም «ሪፔል» ነው፤ ስሙም «ሪፐልሽን» ይባላል።

፫ኛ፤ በልብስ ላይ። «ዋተር ሪፔለንት» የተባለ ካፖርት ጠብታውን ያንከባልላል፤ ዝናቡ ከበረታና ከቆየ ግን ውሃው ሊሠርግ ይችላል። ውሃ ጨርሶ የማያስገባው «ዋተርፕሩፍ» ነው። ካፖርት ስትገዙ ሁለቱን ለዩ።

፬ኛ፤ በሰው ጠባይ። «ጠባዩ ሪፔል አደረገኝ» ቢል እንግሊዛዊው አስጠላኝ ማለቱ ነው፤ «ጠባዩ አባረረኝ» ብላችሁ አትተርጕሙ።

፭ኛው እኔን ያሳሳተኝ ነው። «ሪፔለንት» ትንኝን አይገድልም፤ ትንኟ ገላችንን ለመንከስ እንዳትቀርብ ያደርጋል። ከእነዚህ መድኃኒቶች የታወቀው «ዲት» እ.ኤ.አ. በ1946 ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት ተሠርቶ፥ በ1957 ለሕዝብ ተፈቀደ። የሚገድለው ግን «ኢንሴክቲሳይድ» ይባላል። በመጨረሻው «ሳይድ» የሚል ቃል ስታዩ መግደል እንዳለበት ዕወቁ፤ «ሆሚሳይድ» ሰው መግደል፥ «ሱዊሳይድ» ራስን መግደል ነው። ልዩነቱ የሰዋስው ብቻ አይደለም፤ አንዱ ገላ ሲቀባ፥ ሌላው ግድግዳ ላይ የሚረጭ መርዝ ሊሆን ይችላልና፥ አለዋውጦ የተረጐመ ሰው መርዝ በገላ ያስቀባል።

አባቶቻችን የሚይዙትን ጭራ አስቡ። ጭራው ዝንቡን አይገድልም፤ ይመልሰዋል፤ እጅ ሲደክም ዝንቡ ዞሮ ይመጣል። «ሪፔለንት»ም እንዲሁ ነው፤ ኃይሉ በጥቂት ሰዓት ያልቃልና በዕቃው ላይ የተጻፈውን ሰዓት አንብቦ እንደገና መቀባት ያስፈልጋል፤ አጎበሩንም መተው አይገባም።

ስለ አጻጻፉም አንድ ነገር፤ «ሪፔል» ሲጻፍ መጨረሻው አንድ «ኤል» ነው፤ ኃላፊ ጊዜ ሲሆንና «ሪፔለንት» ሲባል ግን «ኤል» ሁለት ይሆናል።

እንግዲህ «ማባረር» የሚል ቃል በእጃችሁ ሲገባ፥ ብዕራችሁን ከማንሣታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ የተባረረው ነገር ምን ሆነ? ተመለሰ? ወጣ? ተበተነ? ወይስ ሞተ? መልሱ ትክክለኛውን ቃል ይሰጣችኋል።

ለመልመጃ የሚከተሉትን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ።

ሀ) ፀሐይ ጉሙን በተነው።
ለ) ኮሶው ትሉን አስወጣው።
ሐ) ዘበኞቹ ሌሊት የመጣውን ጥቃት መለሱት።
መ) ረኃብ እንዲለምን አስገደደው።

መልሱን በሚመጣው ሳምንት እናመሳክራለን። እስከዚያው ደኅና ሰንብቱ።